አንድ ስም፣ ሁለት ዕቃ፦ ለአሮጌዋ ቮልስ ፍሪሲዮን ስትመርጡ

ከእናንተ መካከል ግቢው ውስጥ ሸራ ለብሳ የቆመች አሮጌ መኪና ያለችው ቤተሰብ ጥቂት አይደለም። አባት የነዳት፣ እናት ለወሊድ የሄደችባት፣ ልጆች ኋላ ወንበሯ ላይ ተጨቃጭቀው ያደጉባት መኪና ናት። ለመሸጥ ታሳዝናለች፤ ለመንዳት ደግሞ ዕቃ ታስጨንቃለች። የዛሬው ወጋችን ስለ እንዲህ ያለች አንዲት መኪና ነው። የሠራሁትን ስሕተት ሳልደብቅ እነግራችኋለሁ፤ የእኔን ኪሳራ እናንተ በነፃ ተማሩበት።

አጎቴ፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ ሐይቅ ከተማ የሚኖር ጡረታ የወጣ መምህር ነው። እኛ የእህቱ ልጆች ጋሼ እንለዋለን። እ.ኤ.አ. በ1968 የተሠራች ባለ 1500 ቮልስዋገን አለችው። ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ባለችው በዚያች የሐይቅ ዳር ከተማ የጋሼን ቮልስ የማያውቅ የለም። ድምጿን ሰምቶ በር የሚከፍት ጎረቤት አለ።

መኪናዋ አንድ ሕመም ነበረባት፤ ሁለተኛ ማርሽ ትተፋለች። ዳገት መሐል «ቋ!» ብላ ወደ ነፃ ትወጣለች። የካምቢዮዋ የውስጥ ጥርሶች አልቀዋል። ጋሼ ሲያፈላልግ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከተሠራች፣ በአደጋ ከተጎዳች ሌላ ቮልስ ላይ የወረደ ደህና ካምቢዮ አገኘ። «ካምቢዮው ከወረደ አይቀር ፍሪሲዮኑም ሙሉ በሙሉ አዲስ ይሁን» ተባለ። ትክክለኛ ምክር ነው። ዕቃውን ከአዲስ አበባ ገዝቶ የመላኩ ኃላፊነት የወደቀው በእኔ ላይ ነበር። ስለ መኪና የምጽፍ ሰው አይደለሁ?

መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ሄድኩ። «የ1968 ቮልስ፣ ባለ 1500፣ ሙሉ የፍሪሲዮን ዕቃ» አልኩ። ሻጩ የጠየቅሁትን ሰጠኝ። ዕቃው ተላከ፣ ተገጠመ፣ መኪናዋ ተነሣች። ጋሼም መረቀኝ።

ሁለት ወር ሳይሞላ የእናቴና የጋሼ ታላቅ እህት አምባሰል ውስጥ፣ ውጫሌ ላይ አረፉ። እናቴ በዚያ ሰሞን ሐይቅ ነበረች። ቀብሩ በዘጠኝ ሰዓት ነው ተብሎ ሁለቱም በቮልሷ ተነሡ። ዳገት ላይ ጋሼ ማርሽ ሊቀይር ሲረግጥ ከኋላ የብረት ፍጭት ተሰማ፤ ከዚያ ፔዳሉ ወለል ነካና እዚያው ቀረ። ባዶ ቦታ ያለው ሚኒባስ እስኪገኝ ሰዓቱ ነጎደ። ውጫሌ ሲደርሱ ሰው ከመቃብር ተመልሶ ድንኳን ገብቷል። ማንም አልወቀሳቸውም። ጋሼ ግን ማታ ደውሎ ያለኝ አንድ ነገር ነው፤ «ይህችን መኪና ሽጡልኝ።»

እናቴ ደግሞ ምንም አላለችም። የእናትን ዝምታ የምታውቁ ታውቁታላችሁ።

ስሕተቱ የት ነበር?

ሐይቅ ወርጄ ከአንድ ወጣት መካኒክ ጋር ሞተሩን አወረድን። «አብሽሩ፣ ካምቢዮው ደህና ነው» አለን ልጁ። የተበላሸው ፍሪሲዮኑ ነበር። ፕሬዠር ፕሌቱ መሐል ላይ ያለው የብረት ቀለበት ከማቀፊያው ወጥቶ ተጣምሟል፤ ኩሽኔታው ተበልቷል።

ምክንያቱ ይህ ነው። ቮልስዋገን እ.ኤ.አ. ከ1971 ሞዴል በፊት ይሠራ የነበረው ኩሽኔታ ፎርኬታው ላይ በሁለት ማያያዣ ብቻ የሚቀመጥ ነበር። በመሐሉ የሚመራው ቱቦ ስለሌለ ፕሬዠር ፕሌቱ ላይ የሚያርፍበት ሰፊ ቀለበት ያስፈልገዋል። ከ1971 ሞዴል ወዲህ ግን ካምቢዮው ላይ መሪ ቱቦ ተጨመረ፤ ኩሽኔታው በቱቦው ላይ እየተንሸራተተ በቀጥታ የፕሬዠር ፕሌቱን ጣቶች ይጫናል። ስለዚህ የኋለኛው ፕሬዠር ፕሌት ቀለበት የለውም፤ ሊኖረውም አይገባም።

የጋሼ አዲሱ ካምቢዮ ባለ ቱቦ ነበር። እኔ የላክሁት ፕሬዠር ፕሌት ባለ ቀለበት ነበር። ለሻጩ የመኪናዋን ዕድሜ ነገርኩት፤ የካምቢዮዋን አልነገርኩትም። እርሱ አልዋሸኝም፤ እኔ ግማሹን ብቻ ነው የተናገርኩት።

ነገሩ የሆነው ወደ ውጫሌ በሚወስደው መንገድ ላይ መሆኑ ፈገግ አሰኝቶኛል። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በዚያው አካባቢ የተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጹ በአማርኛ አንድ፣ በጣሊያንኛ ሌላ ነገር ይል ነበር። አማርኛው ይቻላል ሲል ጣሊያንኛው ግዴታ አደረገው፤ መዘዙም ዓድዋ ድረስ ሄደ። የእኛ የጋራዥ ቋንቋም ግማሹ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ኩሽኔታ፣ ፎርኬታ፣ ሞተሪኖ፣ ቶርኖ። ዛሬም «የቮልስ ፕሬዠር» የሚለው አንድ ስም ሁለት የተለያየ ዕቃ ሊሆን ይችላል። ዕቃ ስትገዙ በስም አትስማሙ፤ በዓይንና በመለኪያ ተስማሙ።

ፍሪሲዮን የሁለት ቤት ሽማግሌ ነው

ፍሪሲዮንን የሁለት ቤተሰብ ሽማግሌ አድርጋችሁ አስቡት። ሞተር አንድ ቤት ነው፣ ካምቢዮ ሌላ ቤት። ሽማግሌው ሁለቱን ያገናኛል፤ ሲያስፈልግም ለጊዜው ያለያያል። አንዱን ቤት ብቻ የሚያውቅ ሽማግሌ ግን ዕርቅ አያወርድም። እያንዳንዱን ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት «ይህ የሚገጥመው ከማን ቤት ጋር ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ካምቢዮ ሲቀየር ጥያቄው ሕይወት አድን ይሆናል። አሁን አንድ በአንድ እንያቸው።

ቮላኖ። ከሞተሩ ጫፍ ጋር የሚሽከረከረው ከባድ ክብ ብረት ነው፤ ዘመዶቹ ሞተሩና ሞተሪኖው ናቸው። የቀድሞዎቹ ባለ 6 ቮልት ቮልሶች ቮላኖ ዙሪያውን 109 ጥርስ አለው፤ የባለ 12 ቮልቶቹ 130። ጥርሱን ቁጠሩ፤ ጊዜ አይፈጅም። 130 ጥርስ ያለው ቮላኖ ስፋቱ ስለሚጨምር በቀድሞው ባለ 6 ቮልት ካምቢዮ ቤት ውስጥ ብረቱ ሳይሞረድ አይዞርም። የሞተሪኖው ዘንግ የሚገባባት ቡሽም በሁለቱ ዘመን ልኳ ስለሚለያይ፣ ሞተሪኖው ከካምቢዮው ጋር መስማማቱን አረጋግጡ። ፊቱ ላይ ሰማያዊ የቃጠሎ ምልክት፣ ስንጥቅ ወይም ጣት የሚይዘው ቦይ ካለ ቶርኖ ቤት ይታይ። በሰማያዊው ላይ አዲስ ሸራ መግጠም ባልታጠበ ድስት አዲስ ወጥ እንደ መሥራት ነው።

ሸራ። ሁለት ልክ አለው፤ አንደኛው ስፋቱን፣ ሁለተኛው የመሐል ጥርሱን ይመለከታል። ስፋቱ የቮላኖውና የፕሬዠር ፕሌቱ ጉዳይ ነው። በትንንሾቹ ባለ 1200 ሞተሮች ላይ በብዛት 180 ሚሊ ሜትር፣ በባለ 1500ና በባለ 1600ዎቹ 200 ሚሊ ሜትር ነው። የመሐል ጥርሱ ግን የካምቢዮው ጉዳይ ነው። ከመግጠም በፊት ሸራውን በካምቢዮው ዘንግ ላይ በእጅ አስገቡት፤ ሳይታገል ወዲያና ወዲህ መንሸራተት አለበት፤ መወዛወዝ ግን የለበትም። መሐሉ ላይ ትንንሽ ምንጮች ያሉትን ብትመርጡ መኪናዋ ስትነሣ አትንቀጠቀጥም።

ፕሬዠር ፕሌት። ሸራውን ቮላኖው ላይ የሚያጣብቀው ነው። በብሎኖቹ የሞተሩ ቤት ዘመድ ነው፤ በመሐሉ ደግሞ የካምቢዮው። እኔ የሳትኩት ይህንን ሁለተኛውን ዘመድ ነው። ስለዚህ ካምቢዮው ወደ ተቀመጠበት ሂዱና በዘንጉ ዙሪያ መሪ ቱቦ መኖሩን እዩ። ቱቦ ካለው ቀለበት የሌለው ፕሬዠር ፕሌት ግዙ፤ ቱቦ ከሌለው ቀለበት ያለው። አንዳንዱ አዲስ ዕቃ ቀለበቱ ሊወልቅ በሚችል መልኩ ተሠርቶ ይመጣል፤ እንደ ካምቢዮው ዓይነት ይተዋል ወይም ይነሣል።

እዚህ ላይ አንድ ፈተና አለ። ሻጭ «ይኼ የውድድር ነው፣ ጠንካራ ነው» ብሎ ከባድ ምንጭ ያለው ሊያሳያችሁ ይችላል። ባለ 1500 ሞተር አዲስ ሆኖ ከባሕር ጠለል ላይ 44 የፈረስ ጉልበት ነው የሚሰጠው። ካርቡሬተር ያለው ሞተር በየ1,000 ሜትር ከፍታ አሥር በመቶ ገደማ ጉልበቱን ያጣል። ሐይቅ ከተማ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ደሴ ከዚያም በላይ። ለቀረው ጉልበት የፋብሪካው መደበኛ ፕሬዠር ፕሌት ከበቂ በላይ ነው። ከባዱ ምንጭ ጉልበት አይጨምርላችሁም፤ የሚጨምረው የፔዳሉን ክብደት፣ የሽቦውን መበጠስና በሞተሩ ዘንግ ላይ የሚያርፈውን ግፊት ነው። ለጋሼ ጉልበት፣ ማለትም ለእግሩ፣ መደበኛው ነበር የሚሻለው።

ኩሽኔታ። ሁለቱንም ቤቶች የሚነካው ይህ ትንሽ ዕቃ ነው። ፔዳል ስትረግጡ ብቻ የሚጮህ፣ ስትለቁ ዝም የሚል ድምፅ ከሰማችሁ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ እርሱ ነው። አሮጌውን ኩሽኔታ «ገና ነው» ብላችሁ አትመልሱት። ዋጋው ከሁሉ ያነሰ ነው፤ እርሱን ለመለወጥ ግን ሞተር እንደገና ይወርዳል።

ሽቦና ፎርኬታ። በእነዚህ ቮልሶች ፔዳሉን ከካምቢዮው ጋር የሚያገናኘው በመኪናዋ ሆድ ውስጥ የሚያልፍ ሽቦ ነው። ሽቦው ክሩ መበጣጠስ ከጀመረ ለውጡት። ፎርኬታው የሚዞርባቸው ቡሾች ካለቁ ፔዳሉ እየከበደ ይሄዳል፤ መኪናዋም ስትነሣ ትንቀጠቀጣለች። ሁሉም ከተገጠመ በኋላ ፔዳሉ ሳይሠራ የሚሄደው ርቀት ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ይሁን። ከዚያ ካነሰ ኩሽኔታው ሳያርፍ ይሽከረከራል፤ ከበዛ ደግሞ ማርሽ ሲገባ ይፋጫል።

ከፋቱ አይቀር

ሞተር በወረደ ጊዜ ሁለት ፓራሊዮ አብራችሁ ለውጡ፤ ከቮላኖው ጀርባ ያለውን የሞተሩን እና በዘንጉ ዙሪያ ያለውን የካምቢዮውን። አዲስ ሸራ ላይ ጥቂት ዘይት ከተንጠባጠበ ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው። ቮላኖውን የሚይዘው አንድ ትልቅ ብሎን ነው፤ ባለ 36 ቁልፍ ይወስዳል፤ ጥብቀቱም 300 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። በግምት ሳይሆን በመለኪያ ቁልፍ ይጥበቅ። ቮላኖው ከወረደ የሞተሩ ዘንግ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚጫወትበት ክፍተት ይለካ፤ ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ልዩነቱ የሚስተካከለው ከቮላኖው ጀርባ በሚገቡ ሦስት ቀጫጭን ቀለበቶች ነው።

ካምቢዮውን ራሱን ስትመርጡም የኋላ ሰሚያሴውን ተመልከቱ። አንዱ ዓይነት በካምቢዮው በኩል ብቻ የሚታጠፍ ነው፤ ሌላው በሁለቱም ጫፍ መታጠፊያ አለው። ሁለቱ እንዲሁ በቀላሉ አይለዋወጡም።

ለቤተሰብ ደግሞ አንድ ማሳሰቢያ። የድሮ የፍሪሲዮንና የፍሬን ሸራዎች ሳንባ የሚጎዳ አስቤስቶስ ይኖርባቸዋል። ካምቢዮ ቤቱ ውስጥ የተጠራቀመውን ጥቁር ብናኝ በአየር አታስነፉ፤ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ፤ ጨርቁም ታስሮ ይጣል። ሥራው ግቢ ውስጥ ከሆነ ልጆች ራቅ ይበሉ፤ የሥራ ልብስም ከቤተሰቡ ልብስ ጋር አይታጠብ።

በውጭ አገር ላላችሁ

በውጭ የምትኖሩ አንባቢዎቻችን መካከል የፍሪሲዮን ፔዳል የሌላት ቮልስ የገዛችሁ ትኖራላችሁ። እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የተሸጠች፣ ሦስት ማርሽ ያላት፣ የማርሽ ዘንጉን ስትነኩት ፍሪሲዮኑ ራሱ የሚለቅ ግማሽ አውቶማቲክ ናት። ወደ ባለ አራት ማርሽ ማንዋል ልትቀይሯት ካሰባችሁ የሸራና የፕሬዠር ፕሌት ግዢ ብቻ አይበቃም። የዚያች መኪና ሞተር ቮላኖ የለውም፤ በምትኩ በዘይት የሚሠራ አስተላላፊ ነው ያለው። የዘይት ፓምፗም ድርብ ነው። ስለዚህ ቮላኖ፣ ፔዳል፣ ሽቦ፣ ካምቢዮ ከነፎርኬታው እና ተራ የዘይት ፓምፕ በዝርዝራችሁ ይግቡ። የሚሻለው ከአንዲት ማንዋል መኪና ላይ ሁሉንም በአንድነት ማውረድ ነው።

ወደ ሱቅ ስትሄዱ

የወረደውን አሮጌ ዕቃ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ይዛችሁ ሂዱ። የካምቢዮውን ዘንግና ዙሪያውን በስልክ ፎቶ አንሡ። የቮላኖውን ጥርስ ቁጥርና የሸራውን ስፋት ወረቀት ላይ ጻፉ። ከሁሉ በላይ መኪናችሁ ከተሠራች ወዲህ ምን ምን እንደ ተቀየረባት ተናገሩ። ቮልስዋገን ይህን ሞዴል እ.ኤ.አ. ጁላይ 30 ቀን 2003 ሜክሲኮ ውስጥ ማምረት እስኪያቆም ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ አምርቷል። አሮጌ መኪና ስንት ጊዜ ተከፍታ ስንት የሌላ መኪና ዕቃ እንደ ገባባት በሊብሬዋ ላይ አይጻፍም፤ ባለቤቱ ነው የሚያውቀው።

ዕቃው ከተገጠመ በኋላም የመጀመሪያዎቹን 500 ኪሎ ሜትር በርጋታ ንዱ። ዳገት ላይ መኪና ስታቆሙ በእጅ ፍሬን ያዟት እንጂ ፍሪሲዮን በግማሽ እየረገጣችሁ አታንጠልጥሏት። ሞተሩ እየጮኸ መኪናዋ ካልወጣች ሸራው እየተንሸራተተ ነው፤ ማርሽ ሲገባ ከተፋጨ ደግሞ ፍሪሲዮኑ በደንብ እየለቀቀ አይደለም። ሁለቱም የመንገድ ላይ መቅረት ቅድመ ማስጠንቀቂያ ናቸው።

የጋሼን መኪና አልሸጥንም። ትክክለኛውን ፕሬዠር ፕሌትና ኩሽኔታ በኪሴ ከፈልኩ፤ የሚገባኝም ነበር። ከሞተሩ ሥር ተኝቼ ብሎን ሳጠብቅ እናቴ ቡና አፍልታ መጣችና፣ «አሁንስ የማን ቤት ዕቃ እንደሆነ ጠይቀሃል?» አለችኝ። ዝምታው እንደ ተፈታ ያኔ ገባኝ።

የአክስቴ አርባ በደረሰ ጊዜ ጋሼ እናቴን አጠገቡ አስቀምጦ፣ እኔን ከኋላ አድርጎ፣ ከሐይቅ ወደ ውጫሌ ነዳ። ያን ዳገት ስንደርስ ማንም አልተነጋገረም። ጋሼ ረገጠ፤ ሁለተኛ ማርሽ በዝምታ ገባ። ቀብሩን መመለስ አይቻልም። ቅዳሴው ሳያልቅ ግን ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ደረስን።

እስከ መጪው ወር ቸር ሰንብቱ።